ከጌሊክ ኳስ ደጋፊዎች ጋር ጨዋታ መያዝ

ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ አየርላንድ ውስጥ የሚኖር ሰው ከሁለት ወሬ አያመልጥም፤ አንዱ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የአየርላንድ ባህላዊ ኳስ፣ የጌሊክ እግር ኳስ፣ የካውንቲዎች ሻምፒዮና ነው፣ ሌላው የአካባቢው ፖለቲካ። ሁለቱን ለየብቻ አጠናለሁ የሚል ቶሎ ይደናገራል፤ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አይለዩአቸውምና። በቅጣት ምት የተጀመረ ክርክር ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ወደ ቤት ግንባታ ፈቃድ፣ ወደ ተቆፋፈረው መንገድና ወደ ምክር ቤት አባሉ ይዞራል። ከሥራ ባልደረባ፣ ከጎረቤት ወይም ከልጅዎ የትምህርት ቤት ጓደኛ ወላጅ ጋር ጨዋታ ለመያዝ ምን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ከዚህ በታች እንዘረዝራለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ካውንቲውን ይጠይቁ

«የትኛውን ቡድን ትደግፋለህ?» ብሎ መጠየቅ እንግዳነትን ወዲያው ያጋልጣል። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሰው ቡድን ይመርጣል፤ እዚህ ግን የሚመረጥ ነገር የለም፣ የተወለዱበት ካውንቲ ቡድንዎ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ከየት ካውንቲ ነህ?» የሚለው ነው። ደብሊን ውስጥ የሚኖር ሰው የደብሊን ደጋፊ ነው ብለው አይገምቱ። ከተማዋ ከሜዮ፣ ከኬሪ፣ ከካቫን ለሥራ በመጡ ሰዎች የተሞላች ናት፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ደብሊን ስትሸነፍ ደስታቸውን አይደብቁም። ከኪልኬኒ ለመጣ ሰው ደግሞ ስለ ጌሊክ ኳስ አያንሱ። ኪልኬኒ በዋናው የጌሊክ ኳስ ሻምፒዮና አትገባም፣ የእነሱ ነገር በዱላ የሚጫወቱት ኸርሊንግ ነው።

ካውንቲዎቹ 32 ናቸው፣ በአራት አውራጃ ተከፍለዋል፦ ሌንስተር፣ መንስተር፣ ኮናክት፣ አልስተር። ወሰናቸውን ያሰመረው በአብዛኛው የእንግሊዝ አስተዳደር ነበር፤ ሕዝቡ እንዲወዳቸው ያደረገው ግን ጂኤኤ ተብሎ የሚጠራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ኅዳር 1 ቀን 1884 በቲፐሬሪ ካውንቲ፣ ተርልስ በምትባል ከተማ ሆቴል ውስጥ ተመሠረተ።

ከካውንቲ በታች ክለብ አለ፤ ክለቡ ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ልክ የተቆረሰ ነው። ሰው ተወልዶ ባደገበት አጥቢያ ክለብ ይጫወታል፣ ጎበዝ ከሆነ ካውንቲው ይጠራዋል። ተጫዋች አይሸጥም፣ አይገዛም፣ ደመወዝም የለውም። የኬሪው ዴቪድ ክሊፎርድ የዘመኑ ምርጥ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው፤ ሥራው ግን መምህርነት ነው፣ ክለቡም ፎሳ የምትባል ትንሽ አጥቢያ ናት። ከዚህ አንድ የማይጣስ ሕግ ይከተላል፦ ስታዲየም ውስጥ ተጫዋችን በስሙ ጠርተው አይስደቡ። ከፊትዎ የተቀመጠችው ሴት እናቱ ልትሆን ትችላለች። ዳኛውን መቆጣት ግን የቆየ ልማድ ነው።

ውጤት ማንበብ

ግቡ ከላይ እንደ ራግቢ ረዣዥም ቋሚዎች፣ ከታች እንደ እግር ኳስ መረብ አለው። ቋሚዎቹ 6.5 ሜትር ይራራቃሉ፣ አግዳሚው ከመሬት 2.5 ሜትር ነው። መረብ ውስጥ የገባ ጎል 3 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ 1 ነጥብ፣ ከ40 ሜትር ቅስት ውጭ ተመትቶ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ 2 ነጥብ ያሰጣል። ከግቡ አጠገብ የቆሙት ነጭ ካፖርት የለበሱ ረዳቶች ለጎል አረንጓዴ፣ ለአንድ ነጥብ ነጭ፣ ለሁለት ነጥብ ብርቱካናማ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ኳሱ ወዴት እንዳለፈ ካልታየዎት ባንዲራውን ይጠብቁ።

ውጤት በሰረዝ ይጻፋል፤ ከሰረዙ በፊት ጎል፣ ከሰረዙ በኋላ ነጥብ። የ2025 የፍጻሜ ውጤት ኬሪ 1-26፣ ዶኒጎል 0-19 ነበር። የጎሉን ቁጥር በ3 አባዝተው ነጥቡን ይደምሩ፦ ኬሪ 29፣ ዶኒጎል 19፤ ልዩነቱ 10። በ2024 አርማ 1-11፣ ጎልዌይ 0-13 ነበር። ለጀማሪ ዓይን ጎልዌይ ያሸነፈ ይመስላል፤ ሲደመር ግን 14 ለ13 ነውና ዋንጫውን የወሰደው አርማ ነው። ባለሁለት ነጥቧ ምት ከሰረዙ በኋላ ባለው ቁጥር ውስጥ እንደ 2 ስለምትደመር፣ 0-20 ያለው ቡድን 20 ጊዜ መታ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ጨዋታው በካውንቲ ደረጃ 70 ደቂቃ፣ በየቡድኑ 15 ተጫዋች ነው። ኳስ በእጅ ይያዛል፣ ግን ከ4 እርምጃ በላይ ይዞ መሮጥ አይቻልም፤ ወይ መሬት ላይ ያነጥሩታል፣ ወይ በእግር ጣት ወደ እጅ ይመልሱታል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ማንጠር ክልክል ነው። መወርወርም የለም፣ በቡጢ ወይም በመዳፍ ተመትቶ ነው የሚቀበለው። «ስቴፕስ!» የሚል ጩኸት ሲሰሙ ተቃዋሚው እርምጃ አብዝቷል ማለታቸው ነው። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ዳኛው አይሰማቸውም። ጥቁር ካርድ ያየ ተጫዋች ለ10 ደቂቃ ይወጣል።

ክርክሩ ያለው የት ነው?

በ2025 የገቡት ሕጎች ጨዋታውን ከሥሩ ለውጠውታል። ቀደም ሲል ቡድኖች 15ቱንም ተጫዋች ግባቸው ፊት አከማችተው ኳሱን ወደ ጎን እያቀባበሉ ተመልካቹን ያስተኙት ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቡድን 3 ተጫዋች በተቃዋሚው አጋማሽ ማቆየት አለበት፤ ስለዚህ በረኛውን ጨምሮ ከ12 በላይ ሰው መከላከል አይችልም። አንዱ ተረስቶ መሐል ሜዳን ከተሻገረ ለተቃዋሚው ከግቡ ፊት ለፊት ቀላል ቅጣት ምት ይሰጣል። በረኛው ኳስ ሲያስጀምር ኳሱ ከ40 ሜትር ቅስት ማለፍ አለበት። ከዳኛ ጋር አፍ የተካፈለ ተጫዋች ደግሞ ቡድኑን 50 ሜትር ያስከፍላል፤ የቅጣት ምቱ ያን ያህል ወደፊት ይሄዳል። ጸጥታው ከመጣ ወዲህ ደጋፊዎች የተጫዋቾቹን ድርሻ ራሳቸው ወስደዋል።

ከጨዋታ በኋላ አዋቂ የሚያስመስሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ነፋሱ በየትኛው አጋማሽ ነበር የረዳቸው?» ነው። ባለሁለት ነጥቧ ምት ከሩቅ ስለሆነች ነፋስ ከኋላ ያለው ቡድን በአንድ አጋማሽ ልዩነቱን አራርቆ ይሄዳል፤ በዕረፍት ሰዓት 6 ነጥብ መምራት በነፋስ ከሆነ ምንም አይደለም። ሁለተኛው «በረኛው ካስጀመራቸው ኳሶች ስንቱን አገኙ?» የሚለው ነው። ኳሱ ወደ መሐል ሜዳ እንዲሄድ ስለሚገደድ፣ ዘለው የሚይዙ ረጃጅም የመሐል ተጫዋቾች (ቁጥር 8 እና 9) ያሉት ቡድን ጨዋታውን ይይዛል። በ2025 ሩብ ፍጻሜ ያለፈውን ዓመት ባለዋንጫ አርማን ኬሪ የገነጣጠለችው በዚህ ነው፤ በሁለተኛው አጋማሽ አርማ መልስ ሳትሰጥ 14 ነጥብ በተከታታይ አስቆጠሩ፣ አብዛኛውም ከአርማ በረኛ በተነጠቀ ኳስ ነበር።

በጋዜጣ የወጣውን አሰላለፍ አይመኑ። በሕጉ ከቁጥር 1 እስከ 15 በየቦታቸው ይታተማሉ፦ 1 በረኛ፣ ከ2 እስከ 4 የኋላ መስመር፣ ከ13 እስከ 15 የፊት መስመር፣ ወዘተ። አሠልጣኞች ግን ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሁለት ሦስት ሰው ይቀይራሉ። ሆን ብለው ነው፤ ደጋፊውም ያውቃል፣ እንደዚያም ሆኖ ሁልጊዜ ይናደዳል።

የራሳቸውን ቡድን ሲያጣጥሉ ካገኟቸው አብረው አያጣጥሉ። የኬሪ ሰው 39 የአየርላንድ ዋንጫ ይዞ «ዘንድሮ እንኳ ምንም የለንም» ይልዎታል። ትሕትና ሳይሆን ስልት ነው፤ መልሱ «ሁልጊዜ እንዲህ ትላላችሁ» ነው። ሜዮ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ሜዮ ዋንጫውን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳችው በ1951 ነው፤ ከ1989 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት 11 ጊዜ ፍጻሜ ደርሳ 11 ጊዜ ተመልሳለች። በ2016 ድጋሚ ጨዋታና በ2017 ሁለቱንም በአንድ ነጥብ ነው ያጣችው። የ1951ዱ ቡድን ዋንጫ ይዞ ሲመለስ ፎክስፎርድ ከተማ ላይ ለቀብር ሳይቆም በማለፉ ቄሱ ረገሙት የሚል አፈ ታሪክ አለ። እነሱ ካላነሱት እርስዎ አያንሱት።

ዋንጫው ሳም ማጓየር ይባላል፣ በአጭሩ «ሳም»። «ሳም ወዴት ይሄዳል?» ማለት ማን ያሸንፋል ማለት ነው።

የውድድሩ አካሄድ

መጀመሪያ በየአውራጃው በጥሎ ማለፍ ይጫወታሉ። ለንደንና ኒው ዮርክ በኮናክት ውስጥ ይሳተፋሉ፤ ስደተኛው ካውንቲውን ይዞ ነው የሄደው። ኒው ዮርክ በ2023 ሊትሪምን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ በሻምፒዮናው የመጀመሪያ ድሉን አስመዘገበ። የአውራጃ ዋንጫ ለትንንሾቹ ትልቅ ነገር ነው። ላውዝ በ2025 የሌንስተርን ዋንጫ ሲያነሳ ከ1957 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ 16 ቡድን ወደ አገር አቀፉ ይገባል፣ የቀሩት ታልቲን ካፕ በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ውድድር ይጫወታሉ። ለ2026 የጸደቀው አካሄድ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ዙር ያሸነፉት እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ የተሸነፉትም እርስ በርስ። ሁለቴ ያሸነፈ በቀጥታ ሩብ ፍጻሜ ይገባል፣ ሁለቴ የተሸነፈ ቤቱ ይሄዳል፣ አንድ አሸንፎ አንድ የተሸነፈ ሦስተኛ ዕድል አለው። «ሁለት ሽንፈት ያወጣል» ብለው ከያዙት አይጠፋዎትም፤ ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ግን አንድ ሽንፈት ይበቃል።

ሜዳ ሲሄዱ

ቲኬት አስቀድመው በኢንተርኔት ይግዙ፤ በር ላይ ብር ቆጥሮ መግባት ቀርቷል ማለት ይቻላል። የፍጻሜው ጨዋታ ቲኬት ግን በገበያ አይገኝም፣ በክለቦችና በካውንቲ ጽሕፈት ቤቶች በኩል ነው የሚከፋፈለው። በክለብ ውስጥ ሕፃናት የሚያሠለጥን ወይም መኪና የሚያስቆም ሰው ወዳጅ ካለዎት መንገዱ እሱ ነው፤ የሚጠይቁትም ገና በሰኔ እንጂ በፍጻሜው ሳምንት አይደለም። ፍጻሜው የሚካሄድበት የደብሊኑ ስታዲየም ክሮክ ፓርክ ከ82,000 በላይ ሰው ይይዛል፣ እንደዚያም ሆኖ ይጎድላል።

ከመሐል ደብሊን በእግር 25 ደቂቃ ያህል ነው። ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን የመቀመጫ ክፍል ስም (ሆጋን፣ ኩሳክ፣ ዴቪን ወይም ሂል 16) ቀድመው ይዩ፤ የሚገቡበት መንገድ በእሱ ይወሰናልና በተሳሳተ በኩል የመጣ ሰው ሰፈሩን ዞሮ ይመለሳል። የሁለቱ ካውንቲ ደጋፊዎች ተቀላቅለው ነው የሚቀመጡት፤ በመካከላቸው ፖሊስ የለም፣ አያስፈልግምም። ሂል 16 ላይ ቆመው ነው የሚያዩት፣ የደብሊኖች ጎራ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሳው የ1916 አመፅ ከፈረሱ ሕንጻዎች ፍርስራሽ ተሠራ ሲሉ ይሰማሉ፤ ከአመፁ በፊት የነበረ ነው፣ ግን የሚተርከውን ሰው አያቋርጡ። በሐምሌም ቢሆን የዝናብ ልብስ ይያዙ፤ ጃንጥላ ግን ከኋላ ያለውን ስለሚከልል አይወደድም።

ብሔራዊ መዝሙሩ ሲጀመር ይቁሙ፣ ባርኔጣ ያውልቁ። የመጨረሻው ስንኝ ሳያልቅ ሕዝቡ ይጮኻል፤ ንቀት አይደለም፣ ጉጉት ነው።

ወደ ፖለቲካው መግቢያ

የጨዋታውን ሕግ እናስቀድም። ጂኤኤ በመተዳደሪያ ደንቡ ከፓርቲ ፖለቲካ ገለልተኛ ነው። ስለዚህ በክለብ የዋትሳፕ ቡድን ውስጥ የዕጩ ፎቶ መለጠፍ ያስነቅፋል። ከሜዳው አጥር ውጭ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ዕጩው በር ላይ ቆሞ እጅ ሲጨብጥ ያገኙታል።

ኳስና ሥልጣን ሁልጊዜ ጎረቤት ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ጃክ ሊንች ለኮርክ ተሰልፎ 6 የአየርላንድ ዋንጫ በ6 ተከታታይ ዓመት አግኝቷል፤ ከ1941 እስከ 1944 እና በ1946 በኸርሊንግ፣ በ1945 በጌሊክ ኳስ። በሌላ በኩል የጂም ጋቪን ነገር አለ። ደብሊንን ከ2015 እስከ 2019 አምስት ተከታታይ ዋንጫ ያስገኘ አሠልጣኝ ነው፤ ከላይ የዘረዘርናቸውን አዲስ ሕጎች ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራውም እሱ ነው። በ2025 በፊያና ፎይል ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፣ ከቀድሞ ተከራዩ ጋር በተያያዘ የገንዘብ ጉዳይ ሲነሳበት በጥቅምት መጀመሪያ ራሱን አገለለ። ስሙ ከድምፅ መስጫው ሳይወጣ ቀርቶ ከ100,000 በላይ ድምፅ አገኘ። ይህን ሲያነሱ «ሕጎቹ ግን ጥሩ ናቸው» የሚል አይጠፋም።

የምርጫውን ሥርዓት ሳያውቁ የምርጫ ወሬ አይገባም። መራጩ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በቅደም ተከተል ይቆጥራል። ለፓርላማ ከአንድ ምርጫ ክልል ከ3 እስከ 5 ሰው ይገባል። ለማለፍ የሚያስፈልገው ድምፅ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ የተሰጠውን ድምፅ ለመቀመጫው ብዛት ሲደመር 1 ያካፍሉ፣ ውጤቱ ላይ 1 ይደምሩ። 60,000 ድምፅና 5 መቀመጫ ቢኖር 60,000 ለ6 ሲካፈል 10,000፤ ማለፊያው 10,001። ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ትርፉ በሁለተኛ ምርጫ ለሌላው ይተላለፋል፣ የመጨረሻው ይወድቅና የእሱም ይተላለፋል። ቆጠራው ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ስለ ፖለቲከኛ ሲነሳ «ሁለተኛ ድምፅ ከየት ያገኛል?» ብለው ይጠይቁ፤ እውነተኛው ነገር እዚያ ነው።

የፓርቲ ሰዎች ሳጥኖች ሲከፈቱ ከአጥሩ ማዶ ቆመው የየሳጥኑን ድምፅ በእርሳስ ይይዛሉ። ሳጥኑ ብዙ ጊዜ የአንድ ትምህርት ቤት ነው፣ ትምህርት ቤቱም የአንድ አጥቢያ፣ አጥቢያውም የአንድ ክለብ። የትኛው ክለብ ሰፈር ለማን እንደሰጠ በዚያው ቀን ይታወቃል። የምክር ቤት አባሉ ከየት ክለብ እንደሆነ ማወቅ የፓርቲውን ፕሮግራም ከማወቅ ይበልጣል የምንለው ለዚህ ነው።

የካውንቲ ወሰን ሲነካ ደግሞ ሁለቱ ወሬ አንድ ይሆናል። ሊትሪም በ2007 ለሁለት ምርጫ ክልል ተከፍላ ከወገኗ የሚቀመጥ ተወካይ ያጣችበት ጊዜ እስከ ዛሬ ይነሳል። አትሎን ከተማ ጥግ ያለውን የሮስኮመን መሬት ወደ ዌስትሚዝ ለማዛወር ሲታሰብም ተቃውሞው የተነሳው በማሊያ ነው፤ የቤት ግብር ሳይሆን «ልጄ ለየት ካውንቲ ይጫወታል?» የሚለው ነበር ጥያቄው። ሐሳቡ ቀረ። የመኖሪያ ቤት ጉዳይም እንዲሁ ነው። በገጠር ለቤት ግንባታ ፈቃድ ያልተሰጠው ወጣት ወደ ደብሊን ወይም ወደ አውስትራሊያ ይሄዳል፣ ክለቡ 15 ተጫዋች ማሟላት ያቅተዋል፣ ለዘመናት ሲራኮት ከኖረው ጎረቤት ክለብ ጋር ለመዋሐድ ይገደዳል። ስለ ፈቃድ የሚያማርር ሰው ስለ ቡድኑ እያወራ ነው።

እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ወሬ ከዳር ሆነው ብቻ መስማት የለባቸውም። በአየርላንድ ሪፐብሊክ ለአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ለመምረጥ ዜግነት አያስፈልግም፤ ዕድሜው 18 የሞላ ነዋሪ ተመዝግቦ ይመርጣል፣ መወዳደርም ይችላል። ለዶይል፣ ማለትም ለፓርላማው፣ ግን ሕጉ ሌላ ነው። የአካባቢ ምርጫ በየ5 ዓመቱ ነው፣ የመጨረሻው በሰኔ 2024 ነበር። ምዝገባውን ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት።

ሰሜኑ

አንትሪም፣ አርማ፣ ዴሪ፣ ዳውን፣ ፈርማናና ታይሮን በዩናይትድ ኪንግደም ሥር ናቸው፤ በኳሱ ግን ከካቫን፣ ዶኒጎልና ሞናሃን ጋር የአልስተር ናቸው። በጂኤኤ ሰዎች መካከል ዴሪ ይበሉ እንጂ ለንደንዴሪ አይበሉ። «ካቶሊክ ነህ ፕሮቴስታንት?» ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ አይሆንም። የአርማ ማሊያ ብርቱካናማ መሆኑን አይተው ከፕሮቴስታንቶቹ የኦሬንጅ ማኅበር ጋር አያገናኙት፤ ምንም ዝምድና የለውም።

ለምን እንዲህ ስሱ ሆነ ቢሉ፣ ኅዳር 21 ቀን 1920 የእንግሊዝ ኃይሎች ክሮክ ፓርክ ውስጥ ደብሊንና ቲፐሬሪ ሲጫወቱ ተኩሰው 14 ሰው ገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ የቲፐሬሪው ተጫዋች ማይክል ሆጋን ነው፤ የሆጋን መቀመጫ በስሙ ተጠርቷል። ማኅበሩም በበኩሉ የእንግሊዝ ጦርና የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ አባላትን እስከ 2001 አያስገባም ነበር። የቤልፋስቱ ኬዝመንት ፓርክ ስታዲየም ከ2013 ጀምሮ ተዘግቶ ማን ይክፈል በሚል ክርክር ቆይቷል። እዚህ ላይ አስተያየት ከመስጠት መጠየቅ ይሻላል።

ከሐምሌ በኋላ

የካውንቲው ጨዋታ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሲዘጋ የክለቦቹ ይጀመራል። ለጀማሪ ከክሮክ ፓርክ ይልቅ የሚሻለው ይህ ነው፤ 60 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አጥሩን ተደግፈው አጠገብዎ ያለውን ሽማግሌ የፈለጉትን መጠየቅ ይችላሉ። በር ላይ የክለቡን ሎተሪ የሚሸጥ ሰው ይኖራል፣ ብዙ ጊዜ 2 ዩሮ ነው። ይግዙ። ስምዎንና አድራሻዎን ሲጽፉ ማን ቤት አጠገብ እንደሚኖሩ ይጠይቅዎታል፣ ከዚያ መንገዱ መቼ እንደሚጠገን ሰምተው እንደሆነ።